አዲስ ቀላል ሰንጢ፦ ከሳጥኑ እንደወጣ የሚደረግ ፍተሻና ማስተካከያ

ባለ 50 ግራም ሰንጢ ኪስ ውስጥ ስለመኖሩ እንኳ አይታወስም፤ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ነው። ነገር ግን ያ ክብደት የቀነሰው ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው። ወይ በእጀታው ውስጥ የነበረው ብረት ወጥቷል፣ ወይ ስለቱ ሳስቷል፣ ወይ ብሎኖቹ አጥረው የሚነክሱት ፕላስቲክ ሆኗል። በከባድ ሰንጢ ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ጉድለት በቀላሉ ላይ ጣት ያስቆርጣል። ስለዚህ አዲስ ሰንጢ እጅ ሲገባ ወረቀት ለመቆራረጥ ከመጣደፍ በፊት በደንብ ይመርመር።

የፍተሻው ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። በሰንጢው ላይ ምልክት የማይተው ነገር ሁሉ ይቀድማል፤ ካቻቪቴና ዘይት ይከተላል፤ ድንጋይ ላይ መሳል የመጨረሻው ነው። የብሎኑ ራስ የተላጠ ወይም አፉ የተሳለ ሰንጢ ይዘው ተመልሰው ሻጩ «ያበላሹት እርስዎ ነዎት» ቢል መልስ አይኖርዎትም።

ቃላቱን እንለይ። ከዚህ በታች «ስለት» ሲባል ተከፍቶ የሚወጣው ብረት በሙሉ ነው። «አፍ» የሚቆርጠው ቀጭን ጠርዝ፣ «ጀርባ» ደግሞ ከአፉ በተቃራኒ ያለው ደንዳና ጎን ነው። «ጭራ» ወደ እጀታው የገባው፣ መቆለፊያው የሚደገፍበት የስለቱ ወፍራም ክፍል ነው። «ዋና ብሎን» የምንለው ስለቱ የሚዞርበትን ትልቁን ብሎን ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ የእጅ ስልክ መብራት፣ እስከ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ወፍራም ፎጣ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ማስመሪያ፣ የቃጫ ገመድ፣ ቶርክስ የሚባለው ባለ ስድስት ጥርስ ኮከብ ካቻቪቴ በቲ6፣ ቲ8 እና ቲ10 ልክ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ መርፌ፣ ማርከር፣ ባለ 1000 ቁጥር የመሳያ ድንጋይና አሮጌ የቆዳ ቀበቶ። ድንጋዩና ቀበቶው ለመጨረሻው ሥራ ናቸው፤ እስከዚያ ከጠረጴዛው ይራቁ።

1. ሳይከፍቱ ይመዝኑት

ሰንጢው ተዘግቶ ሚዛን ላይ ይቀመጥ። ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካው ባክ 110፣ እጀታው ከናስና ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 የ8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት ይዞ 50 ግራም ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቤንችሜድ ባግአውት ደግሞ ስለቱ 8.2 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 52 ግራም ነው። አንድ ሰንጢ ከ70 ግራም በታች ከሆነ ቀላል ከሚባሉት ይመደባል።

ታዋቂዎቹ ሞዴሎች በብዛት ስለሚኮረጁ ሚዛኑ ሌላም ጥቅም አለው። አምራቹ ከጻፈው ክብደት ከ5 ግራም በላይ የራቀ ሰንጢ ካጋጠመዎት አስመስሎ የተሠራ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ኮራጅ የውጪውን ቅርጽ ይገለብጣል እንጂ ክብደት ለመቀነስ ሲባል በውስጥ ብረቱ ላይ የተቦረቦሩትን ቀዳዳዎች ለመሥራት ብዙም አይደክምም።

ቀጥሎ እጀታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከሁለት ጎን ጨመቅ ያድርጉት። የብዙ ቀላል ሰንጢዎች እጀታ ከመስታወት ክር ጋር የተደባለቀ ናይለን ነው፤ ትንሽ መተጣጠፉ የተፈጥሮው ስለሆነ አያስደንግጥዎት። መጥፎ ምልክት የሚሆነው ሲጨመቅ የውስጥ ጎኑ ስለቱን ከነካው ወይም ከብሎኖቹ አጠገብ ሲጥ የሚል ድምፅ ከሰጠ ነው።

2. ተዘግቶ መያዙን ይፈትሹ

ስለቱ ተዘግቶ ሳለ የሚይዘው ነገር አለ። በአንዳንዱ ሰንጢ ከመቆለፊያው ብረት ላይ የተተከለች ደቃቅ ኳስ በጭራው ላይ ወዳለች ጉድጓድ ትገባለች፤ በሌላው ሞላ ይጫነዋል። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉ። ሰንጢውን የሚከፈትበት ጎኑ ወደ ታች እንዲሆን አዙረው ከፎጣው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይያዙና ሦስት አራት ጊዜ ነቅነቅ ያድርጉት። ሌላኛውን እጅዎን ከታች አይደግኑ። ስለቱ ብቅ ካለ ያ ሰንጢ ኪስ ሊገባ አይገባውም። እጅ ወደ ኪስ የሚሰደደው ሳይታይ ስለሆነ ከአፉ ጋር የሚገናኘው የጣት ጫፍ ነው።

የኳሷ ጉድጓድ በጣም ጠልቃ ለመክፈት አውራ ጣት የሚያሳምም ከሆነ ግን አይቸኩሉ። 50 ወይም 100 ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ብረት ከብረት ጋር ይለማመድና ይለዝባል።

3. ስለቱ መሃል መቆሙን ይዩ

ዝግ ሆኖ ስለቱ የሚገባበትን ስንጥቅ ወደ ዐይንዎ አዙረው ከጫፍ በኩል ይመልከቱ። የስለቱ ጫፍ ከሁለቱም ግድግዳ እኩል መራቅ አለበት። ወደ አንዱ ቢያደላም ካልነካ ለሥራ እንከን የለውም፤ ለዐይን ብቻ ነው። መንካት አለመንካቱን ለማወቅ አንድ ቅጠል ጋዜጣ በስለቱና በግድግዳው መካከል ያሳልፉ፤ ወረቀቱ ካለፈ በቂ ነው። ካላለፈ ስለቱ በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይፋቃል፣ ጎኑ ይጫጫራል፣ አፉም በዚያ ቦታ ቶሎ ይዶለዱማል።

ማጋደሉ ከዋናው ብሎን አጠባበቅ የመጣ ከሆነ በኋላ በ7ኛው ደረጃ ይስተካከላል። ስለቱ ራሱ የተጣመመ ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም። ለመለየት ሰንጢውን ይክፈቱና ከእጀታው በኩል በጀርባው መስመር እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ይዩ። ጀርባው ቀጥ ብሎ ሳለ ጫፉ ብቻ ወደ ጎን ካዘነበለ ለሻጩ ይመልሱት።

4. መቆለፊያው፤ ጊዜ የሚወስደው ክፍል

ሰንጢ ሰውን የሚቆርጠው አፉ ስለታም በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ሳይታሰብ ጣት ላይ ስለሚዘጋም ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መጀመሪያ የያዙት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ።

መቆለፊያ የሌለው አለ። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ካዴት ባለ 84 ሚሊ ሜትር እጀታ ሰንጢ የዚህ ዓይነት ነው፤ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው የጀርባ ሞላ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሚፈተሸው የሞላው ጥንካሬ ነው። ተከፍቶ ሲያበቃና ሲዘጋ ቀጭ የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ሞላው ደህና ነው። እንዲህ ባለው ሰንጢ በጫፉ መውጋት ክልክል ነው ብለው ይያዙት፤ ስለቱ ወደ ጣት ይታጠፋል።

የቀለበት መቆለፊያ አለ። ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 ያመጣው ይህ ነው። ስለቱ ከተከፈተ በኋላ አንገቱ ላይ ያለው የብረት ቀለበት በእጅ ይዞራል። ቀለበቱ ሲዞር እየጠበቀ ሄዶ መንገዱን ሳይጨርስ መቆም አለበት። ያለምንም መጥበቅ እስከ ዳር ከዞረ ላልቷል፤ በጉጠት ጠርዙን ትንሽ ገጠም በማድረግ ይጠብቃል።

ላይነር ሎክ የሚባለው በእጀታው ውስጥ ያለ ስስ ብረት እንደ ሞላ ታጥፎ ከጭራው ኋላ ሄዶ የሚቆምበት ነው። ሰንጢውን ከፍተው በስልክ መብራት ከሥር ይመልከቱ። የጭራውን ስፋት በሐሳብ አራት ቦታ ይክፈሉት። አዲስ ሰንጢ ላይ የመቆለፊያው ብረት ከመጀመሪያው ሩብ እስከ ግማሹ ድረስ ቢሸፍን ጥሩ ነው። ከሩቡ በታች፣ ጠርዙን ብቻ ከነካ፣ በትንሽ ግፊት ሊንሸራተት ይችላል። ሦስተኛውን ሩብ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ገና ከአሁኑ መንገዱን ጨርሷል፤ ብረቱ እየተበላ ሲሄድ ማረፊያ ያጣል። አሁን እንዳለ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

የጀርባ መቆለፊያ በእጀታው ጀርባ ያለ ረጅም ዘንግ ጥርሱን በጭራው ላይ ወዳለ ጉድጓድ የሚያስገባበት ነው። በዚህ ላይ የዘንጉ ጫፍ ከእጀታው ጀርባ ጋር ደልዳላ መሆኑን በጣትዎ ዳሰው ያረጋግጡ። ከፍ ብሎ ከቀረ ጥርሱ እስከ ታች አልገባም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በጉድጓዱ ውስጥ የቀረ የፋብሪካ ቡናኝ ወይም የጨርቅ ብናኝ ስለሆነ በጥርስ ማፅጃ እንጨት ይጥረጉት።

የመጨረሻው ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ዘንግ ያለው ነው፤ ባግአውት የዚህ ዓይነት ነው። ዘንጉን በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ሞላዎች ይገፉታል። አንዱ ቢሰበር ሌላው ስለሚይዝ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። ዘንጉን ከሁለቱም ጎን ተራ በተራ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ አንደኛው ወገን ከሌላው የላላ ከሆነ ወይም ሲመለስ የሚያነክስ ከሆነ ሞላው ይፈተሽ።

አሁን ለሁሉም ዓይነት የሚሆነው ሙከራ። እጀታውን ጣቶችዎ በሙሉ ከጎን እንዲይዙት፣ አንድም ጣት ስለቱ በሚታጠፍበት ስንጥቅ ላይ እንዳይኖር አድርገው ይያዙ። የስለቱን ጀርባ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ፎጣ ከሥሩ አድርገው፣ ቀስ ብለው ይጫኑት። ግፊቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየጨመሩ ይሂዱ፤ አንድ ሊጥ በእጅ ሲታሽ ከሚሰጠው ጉልበት ማለፍ የለበትም። መቆለፊያው ከተንቀሳቀሰ ያቁሙ። አንዳንዶች ጀርባውን በጠረጴዛ ላይ ደጋግመው በመምታት ይፈትሻሉ። ይህ ምንም አያረጋግጥም፤ ደህናውን ስስ መቆለፊያ ይጎዳል እንጂ።

መቆለፊያው ከሸሸ ወዲያውኑ አይፍረዱበት። ፋብሪካው ዘይት አብዝቶ ከሆነ መቆለፊያውና ጭራው የሚገናኙበት ፊት ይንሸራተታል። ያንን ፊት በጨርቅና በጥቂት አልኮል ጠርገው እንደገና ይሞክሩ። ከጠረጉ በኋላም ከሸሸ ይመለስ፤ ራስዎ ሞርደው አያስተካክሉት።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ መቆለፊያው ተጣብቆ ለመዝጋት የሚያስቸግር። በመገናኛው ፊት ላይ የእርሳስ ጫፍ ሦስት አራት ጊዜ ያሹበት። የእርሳሱ ግራፋይት ብረት ከብረት እንዳይነካከስ ያደርጋል፣ እንደ ዘይትም አያንሸራትትም።

ይህን ሲጨርሱ መነቃነቁን ይለኩ። ክፍቱን ሰንጢ በአንድ እጅ ይዘው የስለቱን ጠፍጣፋ ጎን በሁለት ጣት ጨብጠው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት። የጎን መነቃነቅ ዋናውን ብሎን በማጥበቅ ይጠፋል። የላይና የታቹ መቆለፊያው በትክክል አለመግጠሙን ስለሚያሳይ ብሎን ማጥበቅ አይረባውም። በጀርባ መቆለፊያ ላይ ለዐይን የማይታይ፣ በጣት ብቻ የሚሰማ ጥቂት የላይና የታች መነቃነቅ የተለመደ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ግን አይቀበሉት።

5. አፉን በብርሃን ያንብቡት

ክፍል ያጨልሙና የስልኩን መብራት ከአፉ ፊት ለፊት ይያዙ። በደንብ የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ ጨለማ መስመር ሆኖ ይታያል። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካዩ እዚያ ቦታ ላይ ወይ ደንዝዟል ወይ ተሸርፏል። በተለይ ሁለቱን ዳርቻ፣ ጫፉንና ከእጀታው አጠገብ ያለውን ይዩ። የፋብሪካ ማሽን ሲስል እነዚህ ሁለቱ ናቸው የሚዘለሉት።

ከዚያ በግራና በቀኝ ያለውን የተሞረደ መስመር ስፋት ያነጻጽሩ። አንዱ ከሌላው በእጥፍ ከሰፋ ሰንጢው ሲቆርጥ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ይህ በመሳል የሚስተካከል ስለሆነ ብቻውን ለመመለስ አያበቃም።

6. ወረቀት፣ ገመድ፣ ቲማቲም

ጋዜጣው ሳይጣጠፍ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ይያዝ፤ ከላይ ወደ ታች ስለቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ እየጎተቱ ይቁረጡ። ጋዜጣ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ በሌላው በኩል ያንገራግራል። ሙከራው ዋጋ የሚኖረው በሚያንገራግረው በኩል ከተደረገ ነው። ወረቀቱን የቦጨቀው የስለቱ ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ከሆነ በብርሃን ያዩት ነጥብ ነው።

የቃጫ ገመድ ሌላ ነገር ይነግራል። ጣውላ ላይ አስቀምጠው 20 ጊዜ ይቁረጡና ወደ ጋዜጣው ይመለሱ። አዲስ ሰንጢ ከ20 ቁራጭ በኋላ ጋዜጣውን መቦጨቅ ከጀመረ ብረቱ ለስላሳ ነው ብለው አይደምድሙ። ማሽን ላይ ሲሳል አፉ ላይ እንደ ሽቦ የቀጠነ ትርፍ ብረት ይቀራል፤ ጋዜጣውን መጀመሪያ ላይ ያለችግር የቆረጠው ያ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ገመዱ ሲያገኘው ታጠፈ። የብረቱ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው በእጅ አንድ ሁለት ጊዜ ከተሳለ በኋላ ነው።

ቲማቲሙ ላይ ክብደት ሳይጭኑ ስለቱን ብቻ ይጎትቱ። ልጣጩን ሳያጨማድድ ከገባ ለቤት ሥራ በቂ ነው።

7. ብሎኖቹን ማጥበቅ

የመጀመሪያው ካቻቪቴ የሚነካው እዚህ ነው። ዋናው ብሎን ባብዛኛው ቲ8 ወይም ቲ10፣ ሰንጢውን ኪስ ላይ የሚይዘው ክሊፕ ጥቃቅን ብሎኖች ቲ6 ናቸው። ካቻቪቴው ገብቶ ሲነቃነቅ ልኩ ትንሽ ነው፤ አያዙሩት። የብሎን ራስ የሚላጠው በጉልበት ብቻ ሳይሆን በማይገጥም ካቻቪቴ ነው፤ የተላጠን ደግሞ ማውጣት ፈተና ነው።

የጎን መነቃነቅ ካለ ዋናውን ብሎን የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል ብቻ ያጥብቁና ይፈትሹ። መነቃነቁ ጠፍቶ ስለቱ በደንብ ከዞረ ያቁሙ። ስለቱ መሄድ ካቃተው ግማሹን መልሱ። በስለቱና በእጀታው መካከል ሮንዴላ ወይም ጥቃቅን ኩሽኔታ አለ፤ ሮንዴላ ያለው ሰንጢ ሲጠብቅ እየከበደ ይሄዳል፣ ኩሽኔታ ያለው ግን ጠብቆም ሊንሸራተት ስለሚችል ባለኩሽኔታውን ከመጠን በላይ የማጥበቅ አደጋው ይበልጣል።

አልፈታ ያለ ብሎን ካጋጠመ የፋብሪካ የብሎን ማጣበቂያ አለበት። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ይስጡት፤ ማጣበቂያው ይለሰልሳል። የናይለን እጀታ ላይ እሳት ወይም ክብሪት አይጠጋ።

የክሊፕ ብሎን በቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ብሎኑን መልሰው ሲያስገቡ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ መፍታት አቅጣጫ፣ ቀስ ብለው ያዙሩት። ቀጭ ብሎ ወደ ውስጥ ዝቅ ሲል ይሰማዎታል፤ የቀድሞ ጥርሱን አገኘ ማለት ነው። ያኔ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። ይህ ካልተደረገ በየጊዜው አዲስ ጥርስ እያረሰ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑ አይይዝም።

8. አንድ ጠብታ ዘይት

የመርፌ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ነክረው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጠብታ ያስነኩ። 20 ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፣ የወጣውን ይጥረጉ። ከዚህ በላይ የፈሰሰ ዘይት የኪስ ብናኝና አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል፣ ወደ መቆለፊያውም ይወርዳል።

የስፌት መኪና ዘይት የተባለው ለዚህ ነው። የኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት አይጠቀሙ። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ወጥ ቤት ውስጥ የቆየ የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ የሚያጣብቀው ቡኒ ነገር ያው ነው። በዚያ የተያዘ ሰንጢ ተፈቶ በአልኮል ካልታጠበ በስተቀር አይላቀቅም።

9. ክሊፑና ኪሱ

ክሊፑ ኪሱን ይዞ እንዲቀር እንጂ ጨርቁን እንዲተለትል አይፈለግም። ጂንስ ላይ ሲገባ ጠንከር ብሎ፣ ሲወጣ በአንድ መሳብ የሚመጣ ከሆነ ልኩ ነው። ለስስ ሱሪ ከጠበቀ ክሊፑን ራሱን አያጣምሙ፤ ቀጭን ካርድ ከሥሩ አስገብተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት።

የስለቱ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ የሚያዝ ሰንጢ ከሆነ የስለቱ ጀርባ ወደ ኪሱ የኋላ ስፌት እንዲጠጋ ይደረግ። በአጋጣሚ ቢፈታ ስፌቱ ይገታዋል።

10. የመጀመሪያው ስል

ሰንጢው ፍተሻውን ካለፈና የእርስዎ መሆኑ ከተረጋገጠ ድንጋዩን ያውጡ። ለ10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ የሚነከር ዓይነት ከሆነ ይንከሩት፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፣ እንዳይንሸራተት።

ማዕዘኑን ለማግኘት የስለቱን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ። ጀርባውን ከድንጋዩ የዚያን ሲሶ ያህል ከፍ ካደረጉት 19 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሰጣል፤ ሩቡን ያህል ብቻ ከፍ ካደረጉት 14 ዲግሪ ተኩል። ለምሳሌ ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ማንሳት ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ ሲሶው ይሻላል። ሩቡ ሽንኩርት ላይ ግሩም ነው፣ ካርቶን ላይ ግን ለስላሳ ብረት ከሆነ አፉ ቶሎ ይታጠፋል።

አፉን በሁለቱም ጎን ማርከር ይቀቡት። ሁለት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ይሂዱበትና ያንሱት። ቀለሙ ከትከሻው፣ ማለትም የተሞረደው መስመር ከሚጀምርበት፣ እስከ አፉ ጫፍ ከጠፋ ማዕዘኑ ትክክል ነው፤ ከትከሻው ብቻ ከጠፋ ዝቅ ብለዋል፣ ከፍ ያድርጉት፤ ትከሻው ሳይነካ ጫፉ ብቻ ከጠራ ከፍ ብለዋል። ይህን ሳያዩ 100 ጊዜ መፋቅ ጊዜና ብረት ማባከን ነው።

በአንድ ጎን ብቻ፣ አፉን ወደ ፊት እያስቀደሙ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ 10 ጊዜ ይስቡ። ከዚያ በተቃራኒው ጎን ላይ አውራ ጣትዎን ከጀርባው ወደ አፉ፣ በፍጹም በአፉ ርዝመት ሳይሆን፣ ቀስ አድርገው ያሳልፉ። ቆዳ የሚይዝ ሻካራ ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተሰማ ያ ጎን አልቋል፤ ካልተሰማ ቀጥሉ። ሌላውን ጎን እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ በየጎኑ አንድ አንድ ጊዜ፣ እየቀያየሩ፣ በሰንጢው ክብደት ብቻ 10 ጊዜ ይሂዱበት። መጨረሻ ላይ የቀበቶውን የጀርባ ጎን ወጥረው አፉን ወደ ኋላ እየጎተቱ በየጎኑ 15 ጊዜ ያሳልፉት፤ የቀረው ሽቦ ይወድቃል።

የብዙ ጀማሪ ስህተት ጫፉን ማድቦልቦል ነው። ስለቱ ወደ ጫፉ ሲጠማዘዝ እጀታውን ትንሽ ከፍ ካላደረጉ ጫፉ አይነካም፤ ከድንጋዩ ዳር ሾልኮ ከወጣ ደግሞ ይደነዝዛል። ጫፉ ድንጋዩ ላይ እያለ ያቁሙ።

በፔዳል በሚዞር ደረቅ ድንጋይ ለሚስሉ የመንገድ ላይ ሳዮች ቀላል ሰንጢ መስጠት አይመከርም። የሥጋ ቤት ወፍራም ካራ ሙቀቱን ይችላል፤ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስለት ግን ብልጭታው ሲወጣ ጫፉ በቅጽበት ይግላል። አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ያ ክፍል ተሞርዶ ካልወጣ ምንም ያህል ቢሳል አይቆይም። ድንጋይ ከሌለ የሲኒ መቀመጫ ላይ ያለው ሻካራ፣ ያልተለበጠ ቀለበት እንደ ጥሩ ደቃቅ ድንጋይ ያገለግላል።

11. የእንጨት እጀታና የሚዝግ ብረት

የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ ስለቱም አልወጣም ይላል። በጥፍር ከመታገል የእጀታውን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ ያድርጉ፤ የስለቱ ጀርባ ጫፍ ብቅ ይላል። ለዘለቄታው እንጨቱን በደንብ አድርቀው በተልባ ዘይት ይቀቡት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፣ ጥቂት ቀን ይድረቅ፣ ይደግሙት። እዚህ ላይ መድረቁ ነው የሚፈለገው። የጠረጉበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለው አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተጨማደደ ጨርቅ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግተው ውጪ ያድርቁት።

ስለቱ የሚዝግ ካርቦን ብረት ከሆነ ሎሚና ሽንኩርት ደቂቃ ሳይቆዩ ያጠቁሩታል። ግራጫው ቀለም ጉዳት የለውም፤ ቀዩ ዝገት ነው የሚበላው። ቆርጠው እንዳበቁ ማድረቅ ይበቃል። ለቁርጥ ሥጋ የሚታጠፍ ሰንጢ አይመረጥም፤ ስብና ደም ወደ መታጠፊያው ይገባና ተፈቶ ካልታጠበ ይሸታል። ከተቆረጠበት ወዲያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ክፍት ሆኖ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ዘይቱ ይታደስ።

ቆርቆሮ መፈልቀቅ፣ ብሎን መፍታት፣ አጥንት መስበር የዚህ ዕቃ ሥራ አይደለም። ስስ ስለት ወደ ፊት ሲገፋ ጠንካራ ነው፣ ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ጫፉ ይሰበራል።

12. ይዞ መውጣት

አየር መንገድ ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚላከው ሻንጣ ውስጥ፣ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከአገር የሚወጣ ሰው ደግሞ የመቆለፊያውን ነገር ያስብበት። በእንግሊዝ ያለ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና የስለቱ አፍ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ነው። በጀርመን በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። በአሜሪካ ደንቡ ከግዛት ግዛት፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ለእነዚህ አገሮች መቆለፊያ የሌለው ትንሽ ሰንጢ መያዝ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላ በ4ኛው ደረጃ ያነሱትን ፎቶ አውጡ። ሰንጢውን በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ብርሃን ያንሱትና ሁለቱን ጎን ለጎን ይዩ። መቆለፊያው ከሩብ ወደ ግማሽ መጠጋቱ የሚጠበቅ መለማመድ ነው። በአንድ ወር ሦስተኛውን ሩብ ካለፈ ግን የመቆለፊያው ብረት ለስላሳ ነው፤ የዋስትና ጊዜው ሳያልፍ ሁለቱን ፎቶዎች ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ።